ባለ ትንሿ ካሜራ

ሆስፒታል እናቴን ሳስታምም፣ ከጎናችን ባለው አልጋ የተኙትን እናቱን ተዋናይ አድርጎ ፊልም የሚቀርጽ ሰው አየሁ። ካሜራው መዳፍ የምታክል ፎቶ ማንሻ ስለሆነች፣ «ለማስታወሻ ነው» ሲለው የበሩ ጥበቃ አምኖ ያሳልፈዋል። የሸሚዙ ጫፍ ሌንስ በመወልወል ብዛት ሳስቷል።

«እማዬ፣ ቅድም እንዳቃሰትሽው አቃስቺ፤ ፎከሱ አምልጦኝ ነው።»

«ልጄ፣ ውሃ አጠጣኝ።»

«መጀመሪያ ይቺን እንጨርስ።»

አንድ ቀን ከሰዓት እናትየው ትንፋሻቸው ጸጥ አለ። እህቱ ዓይናቸውን ልትከድን ስትንደረደር፣ ካሜራውን ሳያወርድ በክርኑ ገፋት። ቆይቶ የቀረጸውን በትንሿ ስክሪን መልሶ ሲያይ እንባው ዱብ ዱብ አለ። አንጀቴን በላኝና «እግዜር ያጽናህ» አልኩት።

«አየሽ?» አለኝ ስክሪኑን እያስጠጋልኝ፤ «የትኛዋ ተዋናይ እንዲህ ትሞትልኛለች?»