ያልወረደችው ኮርድ

እሁድ ከሰዓት በኋላ ነው... ግቢያችን ውስጥ ዱካ ላይ ተቀምጬ ያቺን ኮርድ እየመታሁ ነበር።

ዘመኑ ደርግ፣ ሰፈራችን ወሎ ሰፈር። ሆስተስ የነበረችው አክስቴ አስካለ ከበረራ ስትመለስ ዩኩሌሌ አመጣችልኝ... አራት ክር ብቻ ያላት፣ የአሻንጉሊት ጊታር የምትመስል። ከእጄ አልለያት አልኩ።

አክስቴ ራሷም የምታውቀው ጥቂት ኮርድ ነው፤ ኮርድ የሚሉት ክሮቹ አንድ ላይ ሲመቱ የሚወጣውን ድምፅ ነው። መጨረሻ ላይ ያሳየችኝ «ሰስፔንድድ» የሚሉትን ኮርድ ነበር።

«ይሄ ተንጠልጣይ ነው» አለችኝ። «ስትመቺው ጆሮ የሆነ ነገር ይጠብቃል። አመልካች ጣትሽን ስታነሺ ይወርዳል፤ ጆሮም ያርፋል። ግን በደንብ ሳይጠራልሽ እንዳታወርጂው።»

ይህን ብላኝ ወደ በረራዋ ሄደች።

እኔ ደግሞ ታዛዥ ነኝ። ከትምህርት ቤት በፊት እሱን፣ ከትምህርት ቤት መልስ እሱን። ጣቴ ተላጠ፣ ድምፁ ግን አልጠራ አለ። የዚያን እሁድ... ጠራ። በደስታ ልበር ደረስኩ። ደጋግሜ ደጋግሜ መታሁት።

በራችን ተደበደበ።

እናቴ በቀዳዳው አየችና ፊቷ ዐመድ መሰለ። ጓድ ታፈሰ ነው... የቀበሌያችን ሊቀመንበር፣ ከግንባችን ወዲያ የሚኖረው። ያኔ እሱ በር ላይ ከቆመ ለደህና ነው ብሎ የሚያስብ የለም። እናቴ ነጠላዋን ዩኩሌሌዋ ላይ ጣል አድርጋ ከፈተችለት።

«ማነው ያንን ነገር የሚመታው?»

«ልጅ ናት፣ ጓድ ሊቀመንበር... መጫወቻ ነው... ይቅርታ ያድርጉልን...»

አልፏት ወደ እኔ መጣ።

«አንቺ ነሽ?»

«አዎ» አልኩ።

«ምነው ታዲያ አትጨርሺውም?»

ወደ እናቴ ዞር አልኩ።

«ሰሞኑን ሙሉ» አለ ግንባሩን እያሸ። «ልተኛ ስል ታንጠለጥዪኛለሽ። ሪፖርት ልጽፍ ስል ታንጠለጥዪኛለሽ። አሁን ይወርዳል፣ አሁን ይወርዳል እያልኩ ምሳዬን እንኳ በቅጡ አልበላሁም። አውርጂው እንጂ ልጄ።»

ነጠላውን ገለጥኩ። ተንጠልጣዩን መታሁ... አመልካች ጣቴን አነሳሁ...

ወረደ። እኔም ገና መስማቴ ነበር፤ ሰውነቴን ውርር አደረገኝ። ጓድ ታፈሰ ዓይኑን ጨፍኖ ረጅም ትንፋሽ አወጣ፤ ትከሻው አብሮ ወረደ።

«እስቲ ድገሚው።»

ደገምኩ።

«አሁንም።»

መጀመሪያ ሳቅ ያመለጠኝ እኔ ነኝ። ቀጥሎ እናቴ፣ አፏን በእጇ ይዛ። በመጨረሻ እሱም ወገቡ ላይ ያለው ሽጉጥ እስኪነቃነቅ ሳቀ። «በይ አመሰግናለሁ፣ አሁን ሄጄ ልተኛ» ብሎ ወጣ።

እናቴ በሩን ዘግታ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለች፤ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

በዚያ ዘመን የቀበሌ ሊቀመንበር ሰው ቤት መጥቶ፣ ማንንም ሳይወስድ፣ አመስግኖ ሲወጣ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።