ቀጭኑ ጎማ

የወርክሾፑ ሠራተኞች አለቃቸውን «ደመና» ይሏታል፤ ከጀርባዋ ብቻ ሳይሆን ፊት ለፊቷም። ሰው እያናገራት ልቧ በመስኮት ወጥቶ ይሄዳል። አንድ ቀን በያጁ ሽማግሌ፣ «ልጄ፣ እኔ በጥቁር መነጽር የማየው አንቺ ዐይንሽን ገልጠሽ ከምታዪው ይበልጣል» ብለው ወርክሾፑን ሁሉ በሳቅ ገደሉት። እሷም ሳቀች፤ ግን ከሁሉም ዘግይታ።

ድሮ መሐንዲሶች ቢሮ ንድፍ ስትስል ነበር የኖረችው። እናቷ የመጨረሻዎቹን ሦስት ዓመታት ዊልቸር ላይ ሆና፣ ከመስኮቱ አጠገብ ሳትነሳ አሳለፈች። ዊልቸሩ ሳሎን ውስጥ እንደ ጀልባ ይንሳፈፋል፤ ከደጃፉ ኮረኮንች ላይ ሲደርስ ግን ወፍ የለም። እናቷ ካረፈች በኋላ ደመና ሥራዋን ለቀቀች፤ ታናሽ ወንድሟን አግባብታ አንድ አሮጌ መጋዘን ተከራዩና፣ ለድንጋያማ መንገድ የሚሆን፣ ጎማው ሰፊ የሆነ ዊልቸር መሥራት ጀመሩ። እሷ ሥራ አስኪያጅ ሆነች፤ ወንድሟ ገበያ ፈላጊ።

በሁለተኛው ዓመት ወንድሟ የአንድ ትልቅ ሆስፒታል የግዢ ኃላፊ ይዞ መጣ። ሰውዬው ቆመው ወንበሮቹን በጣታቸው መታ መታ አደረጉና፣ «ሁለት መቶ እንፈልጋለን። ጎማው ግን ቀጭን ይሁን፤ ዋጋውም ወረድ ይበል» አሉ።

የወንድሟ ፊት እንደ ፋኖስ በራ። ደመና ግን፣ «ነገ ጠዋት እነግርዎታለሁ» አለች።

«ምን የሚያሳስብ ነገር አለው?» አሉ ኃላፊው።

«እሱንም ገና አላወቅሁትም» አለች፤ ከልቧ ነበር።

ከሰዓት በኋላ በያጁን ለምና አንድ ወንበር ላይ ቀጭን ጎማ አስገጠመች። ለማንም ሳትናገር ተቀመጠችበትና በበሩ ወጣች።

ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። አስፋልቱ ይተናል፤ ብርሃኑ ከመሬት የሚወጣ ይመስላል። ከወንበሩ ሆና ስታየው ያው የምታውቀው ሰፈር ሌላ አገር ሆነባት። ሰው ፊት የለውም፤ ቀበቶ፣ የሚወዛወዝ እጅ፣ የተንጠለጠለ ዘንቢል ብቻ። ድምፅ ከሰገነት እንደሚወርድ ሁሉ ከላይ ይንጠባጠባል። ዐይን ለዐይን የሚያያት ሕፃን ብቻ ነው፤ ሕፃናቱም እንደ እኩያ ፈገግ ይሉላታል። በአንድ ሱቅ መስታወት ውስጥ የእናቷን ትከሻ አየችና ደነገጠች። የራሷ ትከሻ ነበር። ብዙ ቆማ፣ ማለት ብዙ ተቀምጣ፣ አየችው።

መታጠፊያው ላይ ጎማው የውሃ መውረጃው ፍርግርግ ውስጥ ተሰነቀረ። ወዲያና ወዲህ ብትል እንቢ አለ። አንድ ሰው ከኋላዋ መጣ፤ ሳይጠይቃት ከነወንበሩ አንሥቶ አሻገራትና ፊቷን እንኳ ሳያይ ሄደ። «ደግ ሰው ነው» አለች በሆዷ። «ግን እንደ ጆንያ ነው ያነሣኝ።»

ስትመለስ ወንድሟ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃታል።

«እትዬ፣ ሆስፒታል ውስጥ እኮ ነው! ወለሉ እንደ መስታወት ነው። ቀጭን ጎማ ምን ይሆናል?»

«በሽተኛው ሲድን እዚያው ይተወዋል ወይስ ይዞት ቤቱ ይገባል?»

«እኔ ምን አውቄ!»

«እኔም አላውቅም። ሳናውቅ እሺም አንልም፤ ሳናውቅ እንቢም አንልም።»

በማግስቱ ለኃላፊው ያንኑ ጥያቄ አቀረበችላቸው። ሰውዬው ይህን ማንም ጠይቋቸው አያውቅም ነበርና ትንሽ አሰቡ። «ግማሹ ዋርድ ውስጥ ይቀራል፤ ግማሹ ከበሽተኛው ጋር ወደ ቤት ይሄዳል።»

«እንግዲያው ወደ ቤት የሚሄደውን መቶ እኛ በሰፊ ጎማ እንሥራው። ለዋርዱ ቀጭኑ ይበቃል፤ እሱን ደግሞ ከእኛ አሳምሮ የሚሠራ ሰው አለ፤ አገናኝዎታለሁ።»

ወንድሟ ክው አለ። ኃላፊውም ራሳቸውን ነቀነቁ። «አይሆንም። ግዢው አንድ ነው፤ ዓይነቱም አንድ።»

 የደመና ዐይን እንደ ልማዷ በመስኮት ወጣ። ሰውዬው ብዕራቸውን ከፍተው ዘጉ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። በመጨረሻ ራሳቸው፣ «ልዩነቱ እስከዚህ ነው?» አሉ።

«ይሞክሩታ።»

እየሳቁ ኮታቸውን ሰብሰብ አድርገው ባለ ቀጭን ጎማው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሲሚንቶው ላይ እንደ ልጅ ፈነደቁ፤ የግቢው ጠጠር ላይ ሲደርሱ ቀጥ። በያጁ ሊያነሷቸው ተንደረደሩ።

«ጋሼ፣ መጀመሪያ ይጠይቋቸው» አለች ደመና።

«ላንሣዎት?» አሉ በያጁ።

 በሩ ሃያ እርምጃ እንኳ አይሆንም፤ ሰውዬው ግን የወንዝ ማዶ የሚያዩ መስለው ቆዩ። «እስቲ ትንሽ ልቆይ» አሉ።

መቶ ባለ ሰፊ ጎማ ወንበር፣ በአምስት ወር ተዋዋሉ። የቀረው መቶ ለሌላው ወርክሾፕ ሄደ።

ወንድሟ ግን ሳምንት ሙሉ አኮረፋት። በስምንተኛው ቀን ከፊቷ ተቀምጦ፣ «መቶውን መስጠትሽ አይደለም የቆጨኝ» አላት። «ብቻሽን ወጣሽ፤ ብቻሽን አየሽ፤ ብቻሽን ወሰንሽ። እኔ የሰማሁት ከእንግዳው እኩል ነው። እሷ የእኔም እናት አልነበረችም ወይ?»

ደመና ይህን ጊዜ በመስኮቱ አልወጣችም። «ጥፋቴ ነው» አለች። «ከእንግዲህ ካንተ በፊት ማንም አይሰማም።» ያን ዕለት ከሰዓት እሱን ዊልቸሩ ላይ አስቀምጣ፣ ከጎኑ በእግሯ እየሄደች፣ ያንኑ መንገድ ዞሩት። ሲመለስ የእጅ መደገፊያው ዝቅ ቢል እንደሚሻል አነሣ፤ ዝቅም አለ።

የመጨረሻዎቹን ወንበሮች ያስረከቡ ቀን እህትና ወንድም ከሆስፒታሉ በር ላይ ቆመው ነበር። አንድ ሽማግሌ በአዲሱ ዊልቸር ወጡ። ሴት ልጃቸው መድኃኒቱን በቦርሳዋ ስትከት በቁልቁለቱ ለቀቁት፤ ጠጠሩ ከጎማው ሥር እየተንኮሻኮሸ፣ ነጠላቸው በነፋስ ተነፍቶ።

«አባዬ፣ ጠብቀኝ እንጂ!» እያለች ልጅቱ ሮጠች።

ሽማግሌው አልጠበቁም።