ከገላባቱ ጎል በኋላ

ልጅ ሳለሁ የጠረፍ ከተማችን የሸሕዲ ሙቀት ቤት አያስቀምጥም ነበርና፣ ሲመሻሽ የሰፈሩ ልጆች የምንሰበሰበው ከጎረቤታችን ከጋሽ አለባቸው ራኩባ፣ ከሣር ዳሳቸው ሥር ነበር። ጀለቢያቸውን ለብሰው የጠፍር አልጋቸው ላይ ጋደም ይላሉ፤ ትንኝ እንዲያባርር የተለኮሰው የሰሊጥ አገዳ ይጨሳል፤ ፋኖሱ ግማሽ ፊታቸውን ብቻ ያሳየናል። ሌላው ሽማግሌ የጅብና የአንበሳ ተረት ሲያወራ፣ እሳቸው የሚያወሩልን የራሳቸውን ዕድሜ ነበር፦ መጀመሪያ የከተማው ቡድን ኳስ ተጫዋች፣ ጉልበታቸው ሲጎዳ የወረዳው ስፖርት ሹም፣ በመጨረሻም የዚያው ቡድን አሰልጣኝ።

እኛ የምንወደው የመጀመሪያውን ነበር። ድንበር ተሻግረው ገላባት ላይ ያገቡትን ጎል ሲያወሩ ትንፋሻችንን ውጠን እንሰማለን። ኳሷ መረብ ስትነካ ግን ተረቱ ያለቀ ይመስለንና አቧራችንን አራግፈን እንነሳለን። ስለ ስብሰባው፣ ሜዳውን የጭነት መኪና ማቆሚያ ከመሆን ለማስጣል ስለደከሙት ድካም ማን ይሰማል? ያኔ ሹመት ተረት አይመስለንም ነበር። እሳቸውም አይቆጡም፤ የቀረውን ለፍሙ ይተዉታል።

አንድ ምሽት ዝናብ ያዘኝና ከእሳቸው ጋር ብቻዬን ቀረሁ። ዝም ከምል ብዬ፣ አጨዳ ደርሶ ተጫዋቾቹ እርሻ ሲወርዱ ምን ያደርጉ እንደነበር ጠየቅኋቸው።

«ሰሊጥማ ቀን አይሰጥም፤ ፍሬው ከረገፈ ረገፈ ነው» አሉኝ። «ሹም ሳለሁ በማስታወቂያ ብጠራቸው ማንም አልመጣ። አሰልጣኝ ስሆን ግን ኳሷን ይዤ በየማታው ሜዳው ላይ እቀመጥ ነበር። የመጣ ይመጣል።»

«ማንም ካልመጣስ?»

«ያው እቀመጣለሁ። ከመጫወቱ ይልቅ መቀመጡ ያደክማል፣ ልጄ።»

መልሱ ያኔ ምንም አልጣፈጠኝም።

ጋሽ አለባቸው ካረፉ ቆይተዋል። ቡድኑ ዛሬ በእኔ እጅ ነው። ጥቅምት በገባ ቁጥር ተጫዋች ልጆቼ ለአጨዳ ወደ ኮኪት እርሻዎች ይበተናሉ፤ አንድ ዓመት ላይ ተበትነው እንዳይቀሩ እሰጋለሁ። ሰልችቶኛል። ዘንድሮ ፊሽካውን ላስረክብ ቆርጬ፣ ትናንት ለመጨረሻ ጊዜ ብዬ ኳሷን ይዤ ሜዳው ላይ ተቀመጥኩ። ሲመሻሽ ከልጆቹ ሁለቱ ከእርሻ መጡ፤ እጃቸው በአጨዳ ጠቁሯል፣ ለመጫወት አቅም የላቸውም። አጠገቤ ተዘረሩና «ጋሼ፣ ያቺን የገላባቷን ጎል ያጫውቱን» አሉኝ። አጫወትኳቸው። ኳሷ መረብ ስትነካ ተነስተው እንዲሄዱ ጠበቅሁ።

«ከዚያስ?» አለ አንዱ፣ ዓይኑን እንደጨፈነ።

ይህን ጋሽ አለባቸውን የጠየቃቸው ልጅ አልነበረም። ዛሬም ኳሷን ይዤ እወጣለሁ።