ባና ለብሶ የዋለው ጭማቂ

ዛሬ ጠዋት በረዶ የሆነ ጭማቂ በአባዬ የበግ ጠጉር ባና ስጠቀልል እማዬ ደረሰችብኝ።

«ምነው ልጄ? ባና እኮ ያሞቃል፤ ይቀልጥብሻል» አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። መንዝ ያለው ቤታችን ፍሪጅ የለውም፤ ውርጭ ግን አለን። ትናንት ፓፓያ በሹካ ደፍጥጬ፣ ብርቱካንና ሎሚ ጨምቄበት፣ በትሪ አድርጌ ደጅ ያለው የድንጋይ ካብ ላይ አሳደርኩት። ጠዋት ስነሳ ድርቅ ብሎ ጠበቀኝ።

ወዲያው ልበላው ምንም አልቀረኝም ነበር። ግን የሠራሁት ለአባዬ ነው። እሳቸው ደግሞ ቄስ ናቸው፤ በነቢያት ጾም ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ውሃም አይቀምሱም። የበጋውን ፀሐይ ታውቁታላችሁ፤ እስከዚያ ያቀልጠዋል።

ባና ሙቀት እንዳይወጣ ከከለከለ እንዳይገባም ይከለክላል ብዬ ተከራከርኩ። እማዬ እየሳቀችብኝ ገለባ ውስጥ ቀበርነው። (እየመጣች ስትገልጠው የዋለችውም እሷው ናት።)

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስናወጣው ዳር ዳሩ ብቻ ረጥቧል። በማንኪያ ፈቅፍቄ በብርጭቆ ለአባዬ ሰጠኋቸው።

ቀመሱ። ጨረሱና ቀና ብለው ሰማዩን አዩ።

ውርጭ ገብሳችንን እንዳይመታው ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲጸልዩ የኖሩ ሰው ናቸው።

«ገብሱ ጎተራ ገብቷል አይደል?» አሉ ብርጭቆውን እየመለሱልኝ። «እንግዲህ ዛሬም ቢወርድ አልጠላም።»

ትሪውን መልሼ ካቡ ላይ አውጥቼዋለሁ። እናንተስ ያለ ፍሪጅ ምን አቀዝቅዛችሁ፣ ማንን አስደስታችሁ ታውቃላችሁ?