ገመድ ላይ የቀረው ሸሚዝ

አክስቴ ልቦለድ ጸሐፊ ነበሩ። በአርባቸው ቀን ልጃቸው የመጨረሻ ሥራቸውን አሳትሞ ደብረ ብርሃን ባለው ቤታቸው አደለን። ጥቂት እንዳነበብኩ አንገሸገሸኝ፤ ወጥ ውስጥ ፀጉር እንዳገኘ ሰው መጽሐፉን ከፊቴ አራቅሁት።

አክስቴ የሚጽፉት ሰው በልቡ እንደሚያስበው ነበር፤ አንዱ ሐሳብ ሳያልቅ ሌላው ይገባበታል፣ በለቅሶ መሀል የቤት ጣጣ ይነሣል። ለዚህም ያገኙትን ሁሉ “እውነቱን ንገሪኝ፣ ያን ጊዜ ምን አሰብሽ?” ይሉ ነበር። ባለቤቴ ከጫጫ ሲመለስ መኪና ተገልብጦ ሞተ። መርዶውን ያረዱኝ እሳቸው ነበሩ፤ ከወራት በኋላም ጠየቁኝ።

“ሸሚዙ ገመድ ላይ ነው፣ ዝናቡ ሳይመጣ ላስገባው፣ ነው ያልኩት” አልኳቸው አፍሬ።

“እሱ ነው!” ብለው እጄን ጥብቅ አድርገው ያዙኝ። በዚሁ የመጨረሻ ልቦለዳቸው ረቂቅ ውስጥ ባሏ የሞተባት ሴት ገጹን ሙሉ ያንን ሸሚዝ ታስባለች።

በታተመው መጽሐፍ ግን ሸሚዙ የለም። በምትኩ “ሐዘን እንደ ጦር ልቧን ወጋው” ይላል።

“ሸሚዙን የት አደረስከው?” አልኩት ልጃቸውን።

“እታለም ደግሞ! ባሏ ሞቶ ስለ ልብስ ታስባለች? ሰው ይስቅባታል። አሳመርኩት እኮ።”

“በዚህ ጦርህስ ቅቤም አይወጋ!” ብዬ መጽሐፉን መለስኩለት።

አክስቴ ሲቀበሩ ያሰብኩት ጠረጴዛቸው ላይ የቀረውን መነጽር ነበር። አሁን በምን ሊያነቡ ነው? አልኩ በልቤ። ምን አሰብሽ ብሎ የጠየቀኝ ግን የለም።