ባለ አንድ ወንበሩ ክፍል

ባለፈው ሰሞን ቡሌ ሆራ የምትማረው ልጄ ሜቲ ደወለችልኝ። «እማ፣ የቤት ሥራ ተሰጥቶን ጨንቆኛል» አለችኝ። ገዢዎቹ የከፉበትን፣ ሰው እንደ ሰው መኖር ያቃተውን የወደፊት ዓለም በሚተርክ ልብ ወለድ ውስጥ መቼቱ የገጸ ባሕርያቱን ጠባይ እንዴት ይገልጣል ነው ጥያቄው።

እኔ ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሴት ነኝ። ቢሆንም ሳቄ መጣ። «ይሄንንማ እኔም ፊልቱ ላይ ተፈትኜበታለሁ። ለትንሽ ነው ሳልወድቅ የቀረሁት» አልኳት።

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። እናቴ ነገሌ መናኸሪያው አጠገብ ምግብ ቤት ነበራት፤ አባቴ ስለሞተ ትምህርቴን ትቼ እሷን አግዛለሁ። ንባብ ግን አልተውኩም። በርበሬ የተጠቀለለበትን ጋዜጣ ሳይቀር ዘርግቼ እያስነጠስኩ አነብ ነበር።

ቦሩ ደንበኛችን ነበር። የቦረና ልጅ ነው፤ ቆላው ፊልቱ ከተማ ተቀምጦ ከብት ይከትባል። መድኃኒት ሊወስድ ነገሌ ሲመጣ እኛ ጋ ይበላል። ሲገባ በኦሮምኛ «ናጋ?» ብሎ ሰላም ይላል፤ ሲወጣ «እግዜር ይስጥልኝ» ይላል፤ በመካከሉ ዝም ነው። እናቴ «ይሄ ልጅ ወሬውን ለከብቶቹ ጨርሶ ነው የሚመጣው» ትል ነበር።

አንድ ቀን ከጋዜጣዬ ጋር ስታገል አየኝ። በሚቀጥለው ሲመጣ መጽሐፍ ይዞ መጣ። ሽፋን የለው፣ ርዕስ የለው። ሁለት ቦታ ከፍሎ ግማሽ ግማሹን የከብት ቁስል በሚሰፋበት ክር ሰፍቶታል። «አንቺ ከፊተኛው ጀምሪ፣ እኔ ኋለኛው ላይ ነኝ» አለኝ። እንዲህ ብዙ ቃል ሲያወጣ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

ታሪኩ ውሃዋ ስለደረቀ ከተማ ነው። ገዢው ሰው ተሰብስቦ እንዳያወራ በማለት በየቤቱ ለአንድ ሰው አንድ ወንበር ብቻ ፈቅዷል፤ ወንበር የሚቆጥሩ ሰዎችም ይዞራሉ። እዚያ ከተማ ውስጥ አንደበቱ ማር የሆነ፣ ሁሉ የሚወደው ጎልማሳ አለ። ደግሞ ያገኘውን ሁሉ የሚሳደብ አንድ በረኛ አለ። ደራሲው ወደ ክፍሎቻቸው ያስገባናል። የጎልማሳው ወንበር ከመስታወት ፊት ተቀምጣለች። የበረኛውም ወንበር አንድ ነች፤ ጥጉ ላይ ግን አንድ የተገለበጠ የእንጨት ሳጥን አለ፤ ጀርባው ተፈትጎ ያበራል። ደራሲው ስለ ሳጥኑ ሌላ ቃል አይናገርም። አንዲት የምትታደን ልጅ በሌሊት የሰው በር ልታንኳኳ ስትል የእኔ ግማሽ አለቀ።

«ማን የሚደብቃት ይመስልሻል?» አለኝ ቦሩ ሲመጣ።

«በረኛው።»

«እሱ እኮ ሲሳደብ ነው የሚውለው!»

«ሳጥኑን አላየህም? ባዶ ሳጥን ዝም ብሎ አያበራም። ተደብቆ የሚመጣ ሰው ይቀመጥበታል።»

የጠቀለለውን ጉርሻ መልሶ አስቀምጦ ሳቀ። ጥርሱን ያየሁት ያን ቀን ነው። ብዙም ሳይቆይ ሽማግሌ ላከ።

እናቴ ግን ፈራች። «ዝምተኛ ሰው ሆዱ አይታወቅም። ልጄን ፊልቱ ድረስ ለማን ነው የምሰጠው?» አለች። መልሱ ለፋሲካ ማግስት ተቀጠረ። እኔስ ብሆን ምን አውቃለሁ? ከአንድ ሳቅና ከግማሽ መጽሐፍ በቀር። ከቦሬ ድንች እየጫነች ፊልቱ የምትሸጠው አክስቴ ወይንሸት ነች መላ ያመጣችው፦ «ትምጣና ቤቱን ትየው። ሰው ይዋሻል እንጂ ቤት አይዋሽም።»

በድንች ጆንያ ላይ ተቀምጠን ወረድን። የበጋው መጨረሻ ነበር። መንገዱ ቀይ አቧራ፣ ግራርና ከሰው የረዘመ ኩይሳ ብቻ። እየወረድን በሄድን ቁጥር ነፋሱ ከምድጃ አፍ የሚወጣ ይመስል ነበር።

ቦሩ ለክትባት ገጠር ወጥቷል። ቁልፉን የሰጡን ጎረቤቱ አደ ሐሊማ ናቸው። በሩን ከፈትኩ። ቆርቆሮው ግሎ ክፍሉ ይፋጃል። አንድ አልጋ፣ ሚስማር ላይ የተሰቀለ አንድ ኩባያ፣ አንድ ወንበር። ጥጉን ሁሉ በዓይኔ ፈለግሁ። የተገለበጠ ሳጥን የለም።

«በይ እንግዲህ» አለች አክስቴ፣ «ለአንድ ሰው የተሠራ ቤት ነው። አንቺ የት ልትቀመጪ ነው፣ ጭኑ ላይ?»

አልሳቅሁም። መጽሐፉ ያስተማረኝ ይሄንን ነው፤ ባለ አንድ ወንበሩ ጎልማሳ እሱ ነው። በልቤ መልሴን ጨርሼ ዓይኔ እንባ ሞልቶ ወጣሁ።

«ምነው እዚያ እሳት ውስጥ ቆማችሁ?» አሉን አደ ሐሊማ።

«ቤቱን ልናይ ነው።»

«ቤቱን? አካም! እንዴት ያለ ነገር ነው! እዚያ ማን ይኖራል? ቤቱማ ወዲህ ነው!» ብለው እጄን እየጎተቱ ወደ ጓሮ ወሰዱኝ።

ጓሮው ውስጥ ትልቅ ግራር አለ። ጥላው ሥር ምንጣፍ፣ አሮጌ የመኪና ጎማ፣ በርጩማዎች፤ ሁሉም ተቀምጠውባቸው የለሰለሱ። የግራሩ ባላ ላይ በእርጥብ ጆንያ የተጠቀለለ የውሃ ጀሪካን ተንጠልጥሏል፤ ለአላፊ አግዳሚው ኩባያ ታስሮበታል።

«ይቺ የእኔ ናት» አሉ አንዷ በርጩማ ላይ እየተቀመጡ። «ባሌ ከሞተ ወዲህ ከሰዓት በኋላ መዋያዬ እዚህ ነው። ጎማው የግመል ነጂዎቹ ነው። ይቺን ደግሞ በቅርቡ ነው የጠረባት። የማን ናት ብዬ ብጠይቀው ዝም አለ። ማንንም ግን አያስቀምጥባት።»

ያመለከቱኝ በርጩማ እንጨቱ ገና ነጭ ነው። ሄጄ ተቀመጥኩባት። አክስቴ አየችኝና ነጠላዋን ሰብስባ ጎማው ላይ ዘፍ አለች። «እኔ ከግመል ነጂዎቹ ጋር እሆናለሁ» አለች።

አመሻሹ ላይ፣ አደ ሐሊማ ያቀረቡልንን ሩዝና የፍየል ሥጋ እየበላን፣ ቦሩ አቧራ ለብሶ መጣ። መጀመሪያ እኔን አየኝ፤ ከዚያ የተቀመጥኩባትን።

«ናጋ?» አለ።

«ናጋ» አልኩት።

ሌላ አልጨመረም። ለአክስቴ ውሃ ቀዳላት። ዝምታው ያን ቀን አላስፈራኝም።

ይሄን ሁሉ ለሜቲ ነገርኳት። «እና ምን ብዬ ልጻፍ?» አለችኝ።

«ደራሲው የሰው ክፍል ሲያስገባሽ ወንበሩን እዪ በያቸው። ግን በየትኛው አገር ፀሐይ ሥር እንዳለሽ አትርሺ። እኔ የፊልቱን ሰው በነገሌ ሳሎን ለክቼ አባትሽን ላጣው ነበር።»

ሳቀች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ደሞ እማ፣ ለፋሲካ አንድ ሰው ይዤ እመጣለሁ። ለአባዬ ቀስ ብለሽ ንገሪው» አለችኝ።

ቀስ ብዬ ነገርኩት። ዛሬ ነገሌ ሳሎናችን ውስጥ ዳንቴል የለበሰ ሶፋ አለን፤ ማንም አይቀመጥበትም። ቦሩ ግን ከሰዓት በኋላ በርጩማዎቹን ወደ ጓሯችን ዛፍ ሥር ማውጣት አይተውም። የእኔዋ፣ ከፊልቱ ያመጣናት፣ ነጭነቷ ከጠፋ ቆይቷል፤ መሃሏ ጎድጉዶ እንደ በረኛው ሳጥን ያበራል።

ትናንት ስወጣ እንጨት ሲጠርብ አገኘሁት። ነጩ ፍቅፋቂ እግሩን አልብሶታል።

«የማን ናት?» አልኩት፣ እያወቅሁ።

ዝም አለ።