የዌባ ካርታ

በሩ ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት እግር ነው። ክፍሉ ጨለማ ስለነበር ፊት አልታየኝም። ከኮሪደሩ የገባው ብርሃን ወለሉ ላይ ብቻ ነበር የሚደርሰው፤ እዚያም የሴቶች እግሮች በተርታ ተዘርግተዋል። አንዷ ካልሲዋ ተቀዶ አውራ ጣቷ ወጥቷል። ፖሊሷ ከኋላዬ ገፋ አደረገችኝና በሩ ተዘጋ። እርጥብ ብርድ ልብስ፣ የሎሚ ልጣጭና ሽንት ቤት ሸተተኝ። ጫማዬን ላውልቅ ወይስ ልግባ እያልኩ ቆሜ ማመንታቴ እስካሁን ያሳፍረኛል።

«ግቢ እንጂ! እንግዳ አይደለሽም» አለች አንዲት ሴት ከጨለማው ውስጥ። ሌሎቹ ሳቁ።

ያን ቀን ጠዋት ከቤት የወሰዱኝ ዩኒቨርሲቲ አብረን የተማርን ልጆች በከፈትነው የስልክ ግሩፕ የተነሳ ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ እዚያ ግሩፕ ላይ የጻፍኩት ሦስት ጊዜ ብቻ ነበር፤ ሁለቱ «እንኳን አደረሳችሁ» ነው። ለመርማሪው ይህንኑ ስነግረው «ሦስተኛውስ?» አለኝ።

ከእኔ ጋር አሥራ አንድ ሆንን። አዲስ ገቢ በሩ ስር ይተኛል፤ የቆየ ወደ መስኮቱ ይጠጋል። መስኮቱ ስር የነበሩት ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ሴት ነበሩ። ጋዜጣ ላይ ባወጡት ጽሑፍ ታስረው ሰባት ወር ሆኗቸዋል። ሁላችንም እትዬ ነበር የምንላቸው።

ክፍሉ አንድ ደንብ ነበረው። ከምሳ በኋላ፣ ስንቅ የመጣበት ዕቃ ታጥቦ ወደ በሩ ሲጠጋ፣ የትምህርት ሰዓት ይሆናል። ተራ የደረሳት የምታውቀውን ታስተምራለች። ፀጉር ሠሪዋ ሹሩባ አስተማረች። ነርሷ ቃጠሎ እንዴት እንደሚታከም አሳየች። መርካቶ ጨርቅ ትሸጥ የነበረችው ነጋዴ፣ ያቺው «እንግዳ አይደለሽም» ያለችኝ፣ ጥጥን ከሌላ ጨርቅ በጣት እንዴት እንደሚለዩ በየቀሚሳችን ጫፍ አስጠናችን። ክልክሉ ፖለቲካ ብቻ ነበር። ተጣልቶ የሚኬድበት ሌላ ክፍል አልነበረንም።

እትዬ የሚያስተምሩት አንዲት ከተማ ነበር። ስሟ ዌባ ነው፤ ፖላንድ ውስጥ፣ ባልቲክ ባሕር ዳር ያለች ትንሽ ከተማ። በወጣትነታቸው የዓሣ ሀብት እንዲያጠኑ መንግሥት ወደዚያ አገር ልኳቸው፣ የልምምድ ጊዜያቸውን ዌባ አሳልፈዋል። «ተምሬ መጣሁ» አሉን። «ሥራውን በወጉ ሳልለምደው አገሬ ባሕር የሌላት አገር ሆነች።» ከዚያ በኋላ ጡረታ እስኪወጡ ስለ ሐይቅ ዓሣ ሪፖርት ሲጽፉ ኖረዋል።

ከተማዋን ያስተማሩን በመዳፋቸው ነው። ጣቶቻቸው ባሕሩ ናቸው፤ ሰሜን። በግራ ትልቅ ሐይቅ፣ በቀኝ ትንሽ ሐይቅ፤ በመካከላቸው ወንዙ ወርዶ ባሕር ይገባል። ሐይቆቹ ድሮ የባሕሩ ክንዶች ነበሩ፤ አሸዋ በፊታቸው ተጋድሞ ቆረጣቸው። የመጀመሪያዋ ዌባ ከወንዙ በስተምዕራብ፣ ከባሕሩ አፍ ላይ ነበረች። ማዕበል መታት፤ አሸዋም ቀስ እያለ ገባባት። ሰዎቹ ታግለው አልሆን ሲላቸው፣ ከአራት መቶ ዓመት በፊት ወንዙን ተሻግረው አዲስ ከተማ ሠሩ። ከአሮጌዋ የቀረው ጫካ ውስጥ የቆመ የአንድ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ነው።

«አሸዋው አሁንም ይሄዳል» አሉ። «በዓመት ጥቂት ሜትር፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ። ጫካውን ከነነፍሱ ይቀብረዋል። ካለፈ በኋላ ግንዱ ደርቆ፣ ቆሞ ይገኛል።»

«እትዬ፣ ታዲያ ለምን አይሸጡትም?» አለች ነጋዴዋ። «ይሄኔ እኛ ጋ ቢሆን በአንድ ሳምንት በሲኖትራክ ተጭኖ አልቆ ነበር!»

«አንቺን ከዚህ ክፍል የሚጭንልኝ ሲኖትራክ ነው የጠፋው» አሉ እትዬ።

እኔ አምስት ቀን ሙሉ ዝም ብዬ አዳመጥኩ። በአምስተኛው ቀን ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺ ልጅ፣ ምን ነበር የተማርሽው?»

«ጂኦግራፊ።»

«ምን?»

«ጂኦግራፊ ነው፣ እትዬ።»

«እና እኔ በመዳፌ ስዘባርቅ ዝም ብለሽ ታዪኛለሽ!»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ካርታ መሥራት የጀመርኩት በማግስቱ ነው። ወረቀቱ የብስኩት ካርቶን ጀርባ፣ እርሳሱ ፀጉር ሠሪዋ ደብቃ ያስገባችው ኩል ነበር። እሳቸው ከላዬ ቁጭ ብለው «የዓሣ ፋብሪካው ከድልድዩ ወዲህ ነው፣ ወዲህ» እያሉ ያርሙኛል። በሕይወቴ እንደዚያ የተደሰትኩባቸው ቀናት ጥቂት ናቸው። ጥንቁቅ ስለሆንኩ አንድም ነገር እንዲጎድል አልፈለግኩም። የሰሜን ምልክት አደረግኩ። የርቀት መለኪያ መስመር አሰመርኩ። አሸዋው የሚሄድበትን አቅጣጫ በቀስት አሳየሁ። የከተማዋን ስም ግን አልጻፍኩም። ዘጠነኛ ክፍል ያስተማሩን መምህር የካርታ ርዕስ ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ነው የሚጻፈው ይሉ ነበር፤ ያንኑ ጠብቄ ነው።

በዚያው ሳምንት አሜሪካ የምትኖረው የእትዬ ልጅ አዲስ አበባ ነበረች። ዘጠኝ ዓመት አልተያዩም። ለሁለት ሳምንት መጥታ በየቀኑ ስንቅ ታመጣለች፤ እንድታያቸው ግን አልተፈቀደላትም። ብዙ ደጅ ከጠናች በኋላ ለቅዳሜ ግማሽ ሰዓት ተሰጣት። እሑድ በረራዋ ነው። እትዬ ይህን ሲነገራቸው አመሰግናለሁ ብለው ተቀምጠው፣ ቆይተው ደግሞ የቅዳሜውን ቀሚስ አጥበው በመስኮቱ ብረት ላይ ሰቀሉ።

ለእኔም ረቡዕ ዕለት መልእክት መጣ። አጎቴ በአንዲት ፖሊስ በኩል «ስምሽ ከሚፈቱት ጋር አለ፤ ብቻ ረጋ በይ» ብሎ ላከልኝ።

ሐሙስ ጠዋት ፍተሻ ገባ። ግድግዳው ስር አሰልፈው ብርድ ልብሱን አንድ በአንድ አራገፉት። ካርቶኑ ከተራገፉት ብርድ ልብሶች መሐል ወደቀ። የፍተሻው ኃላፊ አንስቶ ወደ ብርሃኑ አዞረው። በዚያ ሰሞን ሬዲዮው ሁሉ የሚያወራው ስለ ባሕር በር ነበር።

«ይሄ የት ነው?»

ካርቶኑን ወደ ዓይኑ አስጠጋው።

«ወደብ አለው። ድልድይ አለው። ይሄ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚሄደው ምንድን ነው? ማን ነው የሚሄደው?»

«አሸዋ ነው» አለች ነጋዴዋ። ያን ጊዜስ እየቀለደች አልነበረም፤ እውነቷን ነው። እሱ ግን የቀለደችበት መሰለው። ፊቱ ተለወጠ።

«ማን ነው የሣለው?»

ቀኝ እጄ ላይ ኩል ነበረ። እጄን በሹራቤ እጅጌ ውስጥ ከተትኩት።

«ማን ነው የሣለው አልኩ!»

እትዬ ጉልበታቸውን ይዘው ከተሰለፍንበት ወደ ፊት ወጡ። «እኔ ነኝ» አሉ። «የተማርኩባት ከተማ ናት።»

«ስሟ የታለ?»

«ገና አልተጻፈም።»

ይዘዋቸው ሄዱ። አፌን የከፈትኩ ይመስለኛል፤ ድምፅ ግን አልወጣኝም። ይህንንም ምናልባት ለራሴ ብዬ በኋላ የጨመርኩት ይሆናል።

ከሰዓት በኋላ መለሷቸው። አልተመቱም። የቅዳሜው ጥየቃ ግን ተሰርዟል፤ ለአንድ ወር ጠያቂ ተከልክለዋል። አጠገባቸው ሄጄ ተንበረከክሁ።

«እትዬ፣ ነገ እናገራለሁ።»

«ምን ብለሽ?»

«እኔ ነኝ ብዬ።»

«አሁን ሁለት ያደርጉናል እንጂ እኔን አይተዉኝም። አርፈሽ ተቀመጪ።»

እሳቸው አርፈሽ ተቀመጪ ስላሉኝ ነው እያልኩ ለብዙ ጊዜ ራሴን አጽናንቻለሁ። ግን ያን ያሉኝ ከተወሰዱ በኋላ ነው። ከመወሰዳቸው በፊት ዝም በይ ያለኝ ሰው አልነበረም።

ማክሰኞ ተፈታሁ።

አሁን ሎስ አንጀለስ ነው የምኖረው፤ ሚድ ሲቲ፣ ከአክስቴ ጋር። ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ካሉት የሐበሻ ሱቆች በአንዱ እሠራለሁ። ባለፈው ዓመት ፀጉር ሠሪዋ እትዬ ተፈትተው ብዙም ሳይቆዩ ታመው ማረፋቸውን ጻፈችልኝ። ልጃቸው ኖርዝ ሆሊውድ እንደምትኖር፣ ከእናቷ ጋር የታሰረ ሰው ማግኘት እንደምትፈልግ ነግራኝ የልጃቸውን ስልክ ቁጥር ላከችልኝ። ስልኩን አራት ወር ይዤው ቆየሁ። ከዚያ አንድ ቀን በምሳ እረፍቴ ደወልኩ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ከሱቃችን አጠገብ ያለው ሻይ ቤት ተገናኘን። በአሥር ዓመት ያህል ትበልጠኛለች። የሆስፒታል የሥራ ልብሷን አልቀየረችም።

«ሶሪ፣ ፓርኪንግ አጥቼ ሦስቴ ዞርኩ» አለችኝ ስትቀመጥ። «ሶ፣ አንቺ ነሽ ከእማዬ ጋር የነበርሽው?»

«አሥራ ሰባት ቀን።»

«እኔ ግማሽ ሰዓት አላገኘሁም» አለች። ፈገግ ለማለት ሞክራ ተወችው። «ቅዳሜ በሩ ላይ ስደርስ ፖሊሱ ምን አለኝ መሰለሽ? እናትሽ ካርታ ስትሥል ተይዛ ተቀጥታለች። ካርታ! ዘጠኝ ዓመት ሳላያት፣ ሥራ ቦታ ለምኜ፣ ያን ሁሉ ፍላይ አድርጌ ስመጣ፣ እሷ አንድ ሳምንት አርፋ መቀመጥ አቃታት። ከተፈታች በኋላ ስትደውልልኝ ቢዚ ነኝ እያልኩ እዘጋባት ነበር። እልህ ያዘኝ፣ ዩ ኖው? ትድናለች ብዬ ነው። ጊዜ አለኝ ብዬ።»

«ምንም አልነገሩሽም?»

«ስጠይቃት ‹ሆነ› ብቻ ነው ያለችኝ።»

ሻዬን ወደ ጎን አደረግኩት። ሱቅ ውስጥ እንኳ ደንበኛ ሲያናግረኝ ፊቱን የማላየው እኔ፣ ፊቷን እያየሁ ለመናገር ወስኜ ነበር የመጣሁት።

«ካርታውን የሣልኩት እኔ ነኝ» አልኳት። «ማን ነው ሲባል ዝም አልኩ። ልፈታ ነበር። እሳቸው ወጡልኝ።»

በእጇ የነበረውን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ለምን አሁን?»

«ፈርቼ ነበር።»

«የዛኔ ነው ወይስ እስከ አሁን?»

«ሁለቱንም ጊዜ።»

«ኦኬ» አለች። ቁልፏን አነሳችና ወጣች። ይቅርታ ያልኩት ጀርባዋን ነው። በመስኮቱ አየኋት፤ መኪናዋ ዘንድ ደርሳ እጇን በሩ ላይ እንዳደረገች ቆመች። አልከፈተችውም። ከዚያ ተመልሳ መጣች፤ ግን አልተቀመጠችም።

«ቅዳሜ» አለችኝ። «እኔ ውጭ ቆሜ ሳለቅስ እሷ ምን ታደርግ ነበር?»

ይህንን ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር። ነገርኳት።

ያን ቅዳሜ እትዬ በጠዋት ተነስተው ፀጉር ሠሪዋን «ነይ ሥሪኝ» አሏት። እሷም ተጨንቃ፣ «እትዬ፣ ተከልክሎ የለም እንዴ?» አለቻቸው። «የተከለከልኩት ማየት ነው» አሏት። «ልጄ ግን ትመጣለች። በሩ ላይ ቆማ ስትጠብቀኝ እኔ ጨብራራ ሆኜ ልገኝ?» ሹሩባ ተሠሩ። ፊታቸውን ታጠቡ። ሰማያዊ ቀሚሳቸውን ለብሰው ነጠላቸውን አጣፉ። ከዚያ ሰባት ወር ጠብቀው ያገኙትን የመስኮት ቦታ ትተው መጥተው በሩ ስር፣ የእኔ ቦታ ላይ፣ ወደ በሩ ዞረው ተቀመጡ። ጀርባቸው ቀጥ ብሎ ነበር። ከግቢው በር ላይ የጠያቂና የተጠያቂ ስም ሲጠራ ይሰማናል፤ የእሳቸው አልተጠራም። ጥየቃው ማብቃቱ እስኪነገር ድረስ አልተንቀሳቀሱም፤ አላለቀሱምም። ሲያበቃ ነጠላቸውን አጥፈው አስቀመጡና «የዛሬ ተራ የማን ነው?» አሉ።

ተራው የእኔ ነበር። አልቻልኩም። እሳቸው ተኩኝ።

ስለ ዌባ ቤቶች ነበር ያስተማሩት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነዋሪዎቹ ጀርመኖች ወጡ፤ ከሌላ ቦታ ቤታቸውን ያጡ ፖላንዳውያን በቤቶቹ ገቡ። ለእትዬ ክፍል ያከራየቻቸው ሴት በልጅነቷ ከገቡት አንዷ ናት። ቁም ሣጥኑ የሌላ ሰው ሳህን ሞልቶት ነበር። በሌሎቹ በሉባቸው፤ አንዱን ግን እናቷ ሳትነካ አስቀመጠችው። የሳህኑ ባለቤት ብትመጣ የምናቀርብላት ብላ ነው።

«መጣች?» አለች ነጋዴዋ።

«እኔ እዚያ እስከነበርኩ አልመጣችም» አሉ እትዬ። «ሳህኑ ግን ይታጠብ ነበር።»

ልጃቸው እስከዚህ ድረስ ቆማ ሰማችኝ። ከዚያ ወንበሩን ስባ ተቀመጠች።

«ሰማያዊው… አንገቱ ላይ ጥልፍ ያለው ነው?»

«አዎ።»

«እኔ ነኝ የላክሁላት» አለች። ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። እኔ የት እንደማይ ጠፋኝ።

ይቅር አላለችኝም። ስትሄድም እደውላለሁ አላለችኝም፤ አልደወለችም። ትክክል ናት ብዬ አስባለሁ። ያን ግማሽ ሰዓት ልመልስላት አልችልም፤ በንዴት የዘጋችባቸውንም ስልክ ልከፍትላት አልችልም። የምችለው አንድ ነገር፣ እናቷ በሩ ስር ተዘጋጅተው እንደጠበቋት መንገር ነበር፤ እሱንም አራት ወር አቆየሁባት።